ሁልጊዜ ደህና ነኝ የሚለው ፕለጊን

ውድ እህቴ ጁሀራ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከርመሽልኛል? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ የጅግጅጋው አቧራ እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ዓብዱልፈታሕ እንዴት ነው? ትንሿ ሎሚስ ጥርስ አወጣች? እኛም አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ሰሞኑን «ደህና» የሚለው ቃል ራሱ ያቅለሸልሸኛል።

ነገሩ የእማ ስኳር ነው። ጎባ ስሠራበት የቆየሁት የግል ላቦራቶሪ ሰኞ እዚህ ሮቤ ቅርንጫፍ ይከፍታል፤ እማም የመጀመሪያዋ ተመርማሪ እኔ ነኝ ብላ ለሰፈሩ አውጃለች። እዚያ እንድትመረመር አልፈልግም። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስትደውዪ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ስለምትቆም ነው። ይህንን ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ።

የሕመምተኞች ውጤት የሚመዘገብባቸውን ፕሮግራሞች፣ እያንዳንዱን ከነስንቁ ጠቅልለን ነው የምናስኬዳቸው፤ ጥቅሉን ኮንቴይነር ይሉታል። ጥቅሎቹን የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ሥርዓት አለ፤ በእሱ ላይ ደግሞ ፕለጊን የሚባሉ ተቀጥላዎች ይሰካሉ። አንደኛው ውጤቱን ከማስቀመጫው ዲስክ ጋር ያገናኛል። የእኔ እንጀራ የተበላሸ ፕለጊን ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጎ ማረም ነው። ታዲያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ውጤት ይጠፋል። ሥርዓቱ ፕለጊኑን «ደህና ነህ?» ይለዋል፤ እሱም «ደህና!» ይላል፤ ዲስኩ ግን ጭራሽ አልተገናኘም። የተጻፈው ሁሉ እንደ ጉም ይበናል።

ቆፍሬ ቆፍሬ ደረስኩበት። ፕለጊኑን የጻፈው የሥራ ባልደረባዬ ዱጉማ፣ ምንም ቢመጣ መጀመሪያ «ደህና» ብሎ እንዲመልስ አድርጎታል። ለምን ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ። «ሳቢሪን፣ አሳዳጊ የለሽም እንዴ? ሰው አከም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ ሲልሽ፣ ሆዴን አመመኝ ብለሽ ትጀምሪያለሽ? መጀመሪያ ነጋ፣ ሰላም ነው ይባላል፤ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል። ሕመም ኋላ ነው!» ሕመሙን ለሁለተኛው ጥያቄ አቆይቶት ኖሯል። ማሽኑ ግን የባሌ ሰው አይደለም፤ አንዴ ጠይቆ ይሄዳል።

በዚህ ጨዋነት የተነሳ፣ ከሃረና ድረስ የመጡ አዴ ኦብሴ የሚባሉ እናት ውጤታቸው ጠፍቶ እንደገና ክንዳቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ የበፊቱን ደሜን ጠጣችሁት? በቃ የቀረውንም በጀሪካን ልተውላችሁና ልሂድ» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እኔም ፕለጊኑ ሕመሙን አስቀድሞ እንዲናገር አደረግሁት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስክሪኑ ደም መሰለ፤ ሥርዓቱም ዲስኩ ሳይገናኝ ውጤት አልቀበልም አለ። ለእኔ ሠርግ ነበር። አለቃችን አቶ ቱሉ ግን ክራቫታቸውን አስተካክለው መጡ። የማገናኘቱን ችግር እስክጨርስ ምረቃው ለሳምንት ይቆይ ብዬ ለመንኳቸው። ባነሩ ታትሟል፣ ሰንጋው ተገዝቷል፣ በምረቃ ዋዜማ ማሟረት ምንድን ነው አሉ። ከዚያም በታላቅ ግርማ ሞገስ፣ ቀዩ ጽሑፍ አረንጓዴ እንዲሆን፣ ፕለጊኑም ወደ ቀድሞ ጨዋነቱ እንዲመለስ ትእዛዝ ሰጡ። እህቴ፣ በሰው ደም ላይ ቀለም ቀቢ አልሆንም ብዬ መታወቂያዬን ጠረጴዛቸው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ዱጉማ ፕለጊኑን ወዲያው ወደ ድሮው መለሰው፤ እያፏጨ።

አንቺ የምትያትን ትሰማለችና ዛሬውኑ ደውዪላት፤ ጎባ ሆስፒታል ሄዳ ትመርመር። ሰበብ አትፍጠሪ፣ እውነቱን ንገሪያት፤ ሥራ መልቀቄንም ጨምሪበት። እኔ ልነግራት ገብቼ ነበር። ለምረቃው የምትለብሰውን ሻሽ እያዜመች ስትተኩስ ሳያት ተመልሼ ወጣሁ።

ዓብዱልፈታሕን በአክብሮት ሰላም በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ሎሚን ጉንጯን ነከስ አድርጊልኝ። እማ ያላወቀችውን ሰላምታዋን እኔው ልኬልሻለሁ።

እህትሽ ሳቢሪን
ሮቤ፣ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.