ከአንድ ወንበር በቀር ለማንም የማይከፈተው ስዊች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? ከሚሽከረከረው የቢሮ ወንበሩ ሳይነሳ ሦስት ፎቅ የሚያስተዳድር ሰው ወገቡን ቢያመው አይፈረድበትምና ምሕረቱን ያውርድልዎ። እኔ በሥርዎ የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ፤ ሐሙስ ዕለት የጻፉልኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ስንብት ስለሆነ፣ ከመባረሬ በፊት ላመሰግንዎ ወደድሁ።

፩ኛ፦ የላቦራቶሪውንና የዋርዶቹን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው ስዊች የይለፍ ቃል፣ በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ፣ በራሱ በስዊቹ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ አራት ዓመት ስለኖረ አመሰግናለሁ። ሁላችንም የምንገባው «አድሚን» በሚል አንድ ስም ነበር። ለየራሳችን መግቢያ ይሰጠን ብዬ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች የት እንደደረሱ መሳቢያዎ ያውቃል።

፪ኛ፦ ኦዲተር ይመጣል ሲባል ሰኞ ዕለት ድንገት ነቅተው፣ ስዊቹ ከእርስዎ ኮምፒውተር አድራሻ በስተቀር ከየትም የሚመጣን ሰው እንዳያስገባ ስላደረጉት አመሰግናለሁ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ከእርስዎ ሌላ ማንም አለመኖሩን ግን ለማናችንም አልነገሩንም።

፫ኛ፦ ሐሙስ ጠዋት የላቦራቶሪው መስመር ከስዊቹ ላይ ተሰረዘ። ጉልበቷን የሚያማት የሕፃናት ክፍል ሲስተር የደም ምርመራ ውጤት በወረቀት ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ አረፈደች። እኔም ስዊቹ ካለበት ቁም ሣጥን ድረስ ሄጄ፣ ገመዴን በቀጥታ ሰክቼ መስመሩን መለስሁ፤ ክልከላዎ በኔትወርክ ለሚመጣ እንጂ አጠገቡ ቆሞ ገመድ ለሚሰካ አይሠራምና። ከሰዓት በኋላ ማስጠንቀቂያዎ ደረሰኝ፤ መስመሩን የሰረዘው «አድሚን» ስለሆነ አጥፊዋ እኔ ነኝ ይላል።

ለሚቀጥለው ነጥብ ቁጥር አልሰጥም፣ ተናድጃለሁ። ጌታዬ፣ በሩን ከእርስዎ ወንበር በቀር ለማንም የዘጉት እርስዎ አይደሉምን? የሰረዘው ትዕዛዝ ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ የስዊቹ መዝገብ በግልጽ ጽፎታል፤ አድራሻው የእርስዎ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ለቅልቆ ሲያበቃ ፊትሽ ቆሽሿል ብሎ ማስጠንቀቂያ የጻፈ ግን ከእርስዎ በፊት አልሰማሁም። የመዝገቡን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ መለጠፍ ከእርስዎ የተማርሁት ነው።

ስዊቹ ካለበት ቁም ሣጥን አጠገብ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣ የራሷ ስም ያልተሰጣት ታዛዥዎ፣

«አድሚን»

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ዛሬ አዲስ ኮምፒውተር ስለገባልዎ እንኳን ደስ ያለዎ። የአዲሱ አድራሻ በዝርዝርዎ ውስጥ የለምና፣ ስዊቹ ከእንግዲህ እርስዎንም አያስገባም። የቀረው መንገድ ገመድ ይዞ እስከ ቁም ሣጥኑ መሄድ ነው። እኔ እችልበታለሁ፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያዎ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ወደ ስዊቹ እንዳልጠጋ ከልክሎኛል። ማኅተም ያረፈበትን ፈቃድ ማስጠንቀቂያውን ከሚሽረው ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርገው ይላኩልኝ። ገመዱ ኪሴ ውስጥ ነው።