ኢዝሚር መሐል ሜዳ ወረደች

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ነርሚን ቴይዜ እዚህ ናት። እዚህ ማለቴ መሐል ሜዳ፣ እናቴ ቤት፣ ከግድግዳው ማዶ፣ የእኔ አልጋ ላይ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። አለዚያ ነገ ራሴም አላምነውም።

ከሰዓት በኋላ ከሱፍ ፈታዮች ማኅበራችን ሴቶች ጋር ሱፍ እየለየን ነበር። ስልኬ ጮኸ። ሱፋችንን ወደ ደብረ ብርሃን የሚጭንልን ሹፌር ነው። «ትርሲት፣ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ይዤ መጥቻለሁ። ያንቺን ስም ብቻ ነው የምትደጋግመው። መናኸሪያ ነይ» አለኝ። የእርዳታ ድርጅት ሰው መሰለችኝ። ቀሚሴን ሱፍ እንደወረሰው ሄድኩ።

ሰው ከቧታል። መሐል ላይ፣ ሻንጣዋ ላይ የተቀመጠች፣ ጥቁር ሻርፕ ያሰረች፣ ብርዱ ከንፈሯን ያጠቆረው ሴት። ስታየኝ ተነሳችና «ክዝም» አለችኝ። በቱርክኛ ልጄ ማለት ነው። እንደዚያ ብላ የምትጠራኝ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ቱርክ አገር፣ ኢዝሚር ስማር ሁለት ዓመት ሙሉ የኖርኩት እሷና ባሏ ከማል ቤት ነው። ክፍል ተከራየሁ ብዬ ገባሁ፣ ልጅ ሆኜ ወጣሁ። ቴይዜ አክስት፣ አምጃ አጎት ማለት ነው፤ ነርሚን ቴይዜ፣ ከማል አምጃ እያልኩ ነበር የምጠራቸው።

«ምን ሆነሽ መጣሽ?» አልኳት እንዳቀፍኳት።

«ናፈቅሽኝ።»

«ከማል አምጃስ? ለምን አልመጣም?»

«ጉልበቱን ያመዋል። ዓሣ ማጥመዱን ግን አልተወም» አለችና ሻንጣዋን ማንሳት ጀመረች።

ከካርሽያካ ሰፈር ወጥታ የማታውቅ ሴት! ባሕሩን ተሻግሮ መሐል ከተማ፣ ኮናክ መሄድ እንኳ የሚያማርራት! ምን ዓይነት ናፍቆት ነው እዚህ ድረስ የሚያመጣ?

እማዬ ደነገጠች፣ ግን እንግዳ አቀባበል አያቅታትም። እግሯን በሞቀ ውሃ አጠበቻት፣ የአባዬን በርኖስ አለበሰቻት። ከዚያ ጓዳ ጠራችኝ።

«እስላም ናቸው?»

«አዎ።»

«እንኳን ጾም ሆነ! ቢፈሰክ ኖሮ የእኛን ሥጋ አይበሉ፣ ምን አቀርብላቸው ነበር?»

ሽሮና የድንች ወጥ ቀረበ። ነርሚን በላች፣ እማዬ አጎረሰቻት፣ ሁለቱም ሳቁ።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀብሎኛል። ከሄድኩ በየካቲት መሆን አለበት። እማዬ አታውቅም። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ አያውቅም። የሚያውቁት ነርሚንና ከማል ብቻ ናቸው፤ ክፍሌን ለማንም እንዳታከራዩ ብያቸዋለሁ። አሁን በሁለቱ ሴቶች መሐል አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እኔ ካልተረጎምኩት አይሰማም። እስከዚያው እተነፍሳለሁ።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ጠዋት ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር። ነርሚን ከበር ላይ ቆማ አየችው። «ይሄን ነበር የምትነግሪን?» አለች። ነግሬያቸው ነበር። ከማል አምጃ በረንዳው ላይ ለባሕር ወፎች ዳቦ እየወረወረ፣ ስለ መንዝ በግ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ገብሱ ይጠይቀኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው የምታሻግር መርከብ ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ተራራ ይገርመው ነበር።

እኔ ደግሞ ባሕሩ። እንዴት ብዬ ለማን እንደምነግር አላውቅም እንጂ፣ ያቺን ከተማ እወዳታለሁ። ማታ ከትምህርት ስመለስ የመርከቧ ጫፍ ላይ ቆሜ ፊቴን የሚመታኝን ንፋስ። ሻይ አዟሪውን፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ስኳር እንደማልፈልግ አወቀ። ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ክብ ዳቦ። መንገድ ላይ የሚተኙ፣ ማንም የማያባርራቸው ውሾች። ማንም «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ያለመጠየቁን፣ ከዚያ ደግሞ ቀስ በቀስ የነርሚን ልጅ መባሌን።

እዚህ ከተመለስኩ ጀምሮ ስለዚህ ለቤተሰቤ አንድ ቃል ተንፍሼ አላውቅም። ሲጠይቁኝ «ደህና ነው፣ ይሞቃል» እላለሁ። አባዬ ያረፈው እኔ እዚያ እያለሁ ነው። አልቀበርኩትም። እናቴ ጥቁር ለብሳ በተቀመጠችበት ወራት እኔ የነበርኩባትን ከተማ ወደድኳት እንዴት ይባላል?

ነርሚን አላማረችኝም። ከጠዋት እስከ ማታ የምታወራ ሴት ዝም ብላለች። ገበያውን አሳየኋት፣ ሱፉን አሳየኋት፣ ሴቶቹ ሲፈትሉ አብራቸው ተቀመጠች። ከማልን በስልክ እናግኘው ስላት «ኔትወርኩ ደካማ ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ደካማ ነው። ግን ስልኩን አላወጣችውም።

ማታ ደምሴ ከአውድማ መጣ። ነርሚን ስልኳ ላይ የሚተረጉም ነገር እንዳላት አሳየችው። በቱርክኛ ትናገራለች፣ ስልኩ በአማርኛ ያወራል። «ወንድም ክቡር፣ ገብስዎ ስንት ነው?» አለው ስልኩ። ደምሴ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ሳቄ ደረቀ። ለካ አስተርጓሚዋ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ያኔ ከማኅበሩ ተጠራሁ፣ ጭነቱ ሊወጣ ነው ተብሎ። ብዙም አልቆየሁም። ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ደምሴ እሳት እሳቱን ያያል። እማዬ ቀና ብላ አላየችኝም። «ራትሽን ብዪና ተኚ» አለችኝ ብቻ።

አወቁ። የየካቲቱን ስልኩ ነገራቸው። ነገ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

መጻፍ አልችልም ብዬ ነበር። እሞክራለሁ።

ጎህ ሳይቀድ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። የተኛሁበትን ጓዳ መጋረጃ ገለጥኩ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ። የዚህ ትርጉም ለመንዝ ልጅ አይጠፋትም። እማዬ! ብዬ ጮህኩ። እማዬ አጠገቤ ነበረች። ደምሴ? ደምሴም በሩ ጋ ቆሟል። ታዲያ ማን? ማን ቀረኝ?

ነርሚን ከመሐላቸው ተነሳችና መጥታ መኝታዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እማዬ በዚህ፣ እሷ በዚያ እጄን ያዙኝ።

«ከማልን አጣነው፣ ልጄ» አለችኝ።

መጀመሪያ ቃሉ አልገባኝም። ቱርክኛው ጠፋኝ። ደገመችልኝ። ከዚያ እንዴት እንደጮህኩ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በኅዳር መጀመሪያ፣ በእንቅልፉ ነው ያረፈው። ከዚያ ወዲህ ስደውል ሁሉ «ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቷል» ትለኝ ነበር። እኔም «ሰላም በይልኝ» እል ነበር። ሰላም በይልኝ!

ሲበርድልኝ «ለምን?» አልኳት። «ለምን በስልክ አልነገርሽኝም? ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ...»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የነገርሽኝ» አለች።

ነግሬያታለሁ። አባዬ ያረፈ ጊዜ ከቤት ማንም በስልክ አልነገረኝም። አብራኝ ለምትማር የደሴ ልጅ ተደወለላት። እሷ ማልዳ መጥታ መጀመሪያ ለነርሚንና ለከማል ነገረቻቸው፣ ከዚያ ሦስቱም አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በሌላ ጊዜ ነርሚን ይሄ ነገር ከንክኗት ስትጠይቀኝ፣ «እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ይመጣል፤ በማለዳ፤ የሚይዝሽ ዘመድ ባለበት» ብያት ነበር። ረስቼዋለሁ። እሷ አልረሳችም። ትናንት ማታ እኔ ስወጣ ለደምሴና ለእማዬ በሚተረጉመው ስልኳ ነገረቻቸው። ስልኩ መጀመሪያ «ባሌ ወድቋል» ብሎ ተርጉሞ ደምሴ ተሰብሮ ነው እንዴ ብሎ ሲጨነቅ፣ ጥቁር ሻርፏን በእጇ ይዛ አሳየችው አሉ። ከዚያ እማዬ ሌሊቱን ጎረቤት አስጠራች።

በዚህ ቤት ሁለቱንም ቋንቋ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ መጨረሻ የሰማሁትም እኔ ነኝ።

ቀኑን ሙሉ ሰው መጣ። እማማ ዘነበች፣ በልቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደው ጎረቤታችን፣ ጠጋ ብላ «ስማቸው ማነው? ምን ሠርተው ኖሩ?» አለችኝ። መርከቧን ነገርኳት፣ ወፎቹን ነገርኳት። በሕይወቷ ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት ስለ ባሕር ሰው አለቀሰች፣ ቤቱም ሁሉ ተከተላት። አንዲት ሴት «የእስላም ልቅሶ...» ብላ ስትጀምር እማዬ «ፍትሐቱ የእነሱ ነው፣ ልቅሶው ግን የእኛም ነው» አለቻት። ሌላ ነገር አልተባለም።

ነርሚን በዚህ ሁሉ መሐል ቁጭ ብላ ታያለች። ሲያለቅሱ ታለቅሳለች።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ዓይኔ አብጧል። ራሴን ያመኛል።

ዛሬ ነርሚን ጓዳ ገብታ ዱቄት ጠየቀች። እነሱ ሰው ሲሞትባቸው ሐልዋ የሚባል ጣፋጭ ይሠራሉ፤ ያኔ ከማል አምጃ አይቶት ለማያውቀው ለአባቴ ክንዱ እስኪዝል አማስሏል። እዚህ የተገኘው የገብስ ዱቄት ነው። ጾም ስለሆነ በዘይት አቁላልታ፣ ስኳሩን በውሃ አቅልጣ ጨመረችበት። እማዬ ቀመሰችና ዓይኗ ፈጠጠ። «ይሄማ ጭኮ ነው! ቅቤ የሌለው ጭኮ!» ለቀስተኛው ሁሉ ደረሰው። ትንሽ ሳቅን። ሳቄ አሳፈረኝ።

ከሰዓት በኋላ ከውጭ ቁጭ ብለን ፀሐይ ስንሞቅ ነርሚን ሌላውን ነገረችኝ። ቤቱን ለቃ እህቷ ጋ ልትገባ ነው። ብቻዋን ደረጃውን መውጣት አቅቷታል፣ በረንዳውንም ማየት። «ክፍልሽ አይኖርም» አለች። «ይህንንም በስልክ ልነግርሽ አልፈለግኩም። ለእኔ ብለሽ እንዳትመጪ፣ ክዝም። ባሕሩ ግን አለ።»

የወደድኩት ከተማዋን ነው ወይስ ሁለቱን ሰዎች? ከማል አምጃ የሌለባት ኢዝሚር ምን ትመስላለች? መርከቧ ላይ ልቆም፣ ከዚያስ? ወርጄ ወዴት ልሂድ?

ማታ ደምሴ በጎቹን ሲያስገባ ተከትዬው ወጣሁ። «ስልኩ ሌላም ነገር ነግሮናል» አለኝ ሳያየኝ። «የካቲት ላይ ትመጣለች፣ ክፍሏን ግን መጠበቅ አልቻልኩም አለ። እማዬም ሰምታለች።»

«ምን አለች?»

«ምንም።»

ምንም። ከእማዬ አፍ ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

እማዬ ዛሬ ለደምሴ ምሳ ልናደርስ አውድማ ይዛኝ ሄደች። መንገድ ላይ ድንገት ቆመች።

«አባትሽ ያረፈ ለታ ማን ያዘሽ?»

«ማለት?»

«ስትጮሂ። ማን ያዘሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ልጠይቅሽ እያልኩ እፈራለሁ። ብቻዋን ግድግዳ ይዛ አለቀሰች እያልኩ ነበር የማስበው።»

«ከማል አምጃ ነው የያዘኝ። ነርሚን እግሬን አቅፋ። ሰባቱን ቀን ብቻዬን አልተዉኝም።»

እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ለአባዬ እንኳ እኔ ፊት አልቅሳ አታውቅም።

ያኔ አመለጠኝ። «እማዬ፣ ከተማዋን እወዳታለሁ። አባዬን ሳልቀብር የቀረሁባት ከተማ ናት፣ እና እወዳታለሁ። ልመለስ ፈልጌ ነበር። አሁን ግን አላውቅም።»

የምትጮህብኝ መሰለኝ፣ ወይም ደግሞ ዝም የምትል። ነጠላዋን አወረደችና አየችኝ።

«ማን ከለከለሽ?» አለች።

ከዚያ የምሳውን ስልቻ አንስታ ቀጠለች። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስፈራው የነበረው ክልከላ የማን ነበር? እማዬ እንደሆነ አልከለከለችኝም። ጠይቄያትም አላውቅም።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ነርሚን ሄደች። እስከ አዲስ አበባ ልሸኛት ስል እምቢ አለች፤ «መንገዱን አውቄዋለሁ» ብላ እንደ ደብረ ብርሃን ሰው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መናኸሪያ መጣች፣ ሚካኤልን ስማ። ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በቱርክኛ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። «ልተርጉም?» አልኩ። የሰማኝ የለም። እማዬ ሹፌሩን ጠርታ «እንደ እናትህ ያዛቸው» ብላ አስጠነቀቀችው።

መኪናው ወጣ። አቧራው እስኪረግፍ ቆምን።

ለዩኒቨርሲቲው ገና አልመለስኩም። ዛሬም ቁርጤን አላወቅሁም። አንዴ እሄዳለሁ እላለሁ፣ አንዴ በረንዳው ላይ ማንም አለመኖሩ ይታየኝና እተወዋለሁ። ይህን ለእማዬ ስነግራት እንዲህ ነበር ያለችኝ፣ ወደ ቤት ስንሄድ፦

«ትምህርቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ልቅሶው ግን ይቀረናል። መቃብራቸው ላይ መቆም አለብን።»

«እሺ፣ እኔ ከሄድኩ በአንቺም ስም...»

«ልቅሶ በሌላ ሰው ይደረሳል እንዴ? ሴትዮዋ እኔ ቤት ድረስ መጥታ!» አለችና ቆመች። እናቴ ከደብረ ብርሃን አልፋ የሄደችው አንድ ጊዜ ነው፣ ለሕክምና፣ ያውም እያለቀሰች። «ያ ፓስፖርት የምትሉት የት ነው የሚወጣው?»

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ!»

አፌን ከፍቼ አየኋት። እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን ፈለግኩ። አልቀለደችም። መልሴን ሳትጠብቅ ዳገቱን ተያያዘችው፣ «ፎቶ ይጠይቃሉ?» እያለች።