የጋሽ ቀለሙ ወይን ጠጅ ጣቶች

ሁላችሁም ጋሽ ቀለሙ እያላችሁ የምትጠሯቸው ታላቅ ወንድሜ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ለእኔ ለታናሽ እህታቸው ከአባት አያንሱም ነበር። በ1963 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው በዚያው ዓመት ሆስፒታል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነሱም።

ሥራቸው ጀርም መለየት ነበር። ናሙናውን መስታወት ላይ ቀብተው ያደርቁና ወይን ጠጅ ቀለም ያፈሱበታል፤ አዮዲን ይጨምሩበታል፤ በአልኮል አጥበው በመጨረሻ ቀይ ቀለም ያለብሱታል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ያያሉ። አንዱ ጀርም ወይን ጠጁን አልለቅም ይላል፣ ሌላው ለቅቆ ቀይ ይሆናል። ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው በዚህ ነው። ጣጣው ያለው አልኮሉ ላይ ነው፤ ጥቂት ከቆየ የማይለቀውንም ያስለቅቀዋል። ቀለሙ ከጣታቸው አልጠፋ ብሎ ስማቸው ቀለሙ ሆኖ ቀረ። የእኔ ፎጣ ሁሉ ተበላሽቷል። በ1970 ዓ.ም. ሲያገቡ የሙሽራዋን ነጭ ጓንት እንኳ አልማሩም፤ ባለቤታቸው ጓንቱን ዛሬም አላጠቡትም።

አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ በሰባት ዓመቱ አንገቱ ደርቆ፣ በትኩሳት እየነደደ ሆስፒታል ገባ፤ ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ለምርመራ ከጀርባው ፈሳሽ ተቀዳ። የራስን ቤተሰብ ናሙና ሌላ ሰው ይሥራው የሚል ደንብ ነበር። ወንድሜ ግን ልጄን ለማንም እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸው ያዙት። አልኮሉን እያፈሰሱ ሳለ ልጁ ከማዶ ክፍል «አባዬ» ሲል ሰሙና ዞር አሉ። ያቺ ዞር ማለት በቃች። ቀይ ነው አሉ፤ መድኃኒቱም ለቀዩ የሚሆነው ተሰጠ። በማግስቱ ከዚያው ፈሳሽ ተወስዶ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ እንዲያድግ የተደረገው ጀርም ወይን ጠጅ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ልጁ ግን በዚያው ቀን ሞተ።

ሐኪሙ በሽታው ቀድሞናል፣ በትክክለኛው መድኃኒትም አይተርፍም ነበር አሏቸው። ማን ሰምቷቸው! አዲስ ተማሪዎች በመጡ ቁጥር አልኮሉን ሲያስተምሩ ልጄን የገደልኩት እዚህ ላይ ነው ይሉ ነበር። እኔማ ተቆጥቻቸዋለሁ፤ አንድን ልጅ በየዓመቱ መቅበር ምን የሚሉት ነገር ነው?

በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ጣታቸውም ቀስ በቀስ ነጣ። ባለፈው ወር ትኩሳት ጥሏቸው እዚያው በሠሩበት ሆስፒታል ተኙ። ደማቸው ውስጥ የተገኘውን ጀርም የመረመረችው ያስተማሯት ባለሙያ ናት። አልጋቸው ድረስ ስትመጣ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አልኮሉ ቆይቶ እንደሆነ። «አልቆየም ጋሼ፤ ደግሜ ሠርቼዋለሁ፣ ወይን ጠጅ ነው» አለቻቸው። እውነቷን ነበር። ትክክለኛው መድኃኒት ወዲያው ተጀመረ። ማንም አልተሳሳተም፣ ማንም አልዘገየም። ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ።

ለካ በትክክለኛውም ይሞታል። ሐኪሙ ያኔ የነገሯቸው ይህንኑ ነበር። አሁን እኔም አመንኩ፤ ሄጄ የምነግረው ወንድም ግን የለኝም።

ጋሽ ቀለሙ ባለቤታቸውን፣ እኔንና ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተው ዛሬ ከልጃቸው ጎን ይቀበራሉ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር፤ እሳቸውም ራሳቸውን ይማሩ።