የተወለድሽበት ቀን ግልባጭ

ይድረስ ለልጄ ለፀሐይ ዳኜ፤
አሥመራ።

ልጄ ፀሐይ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የአሥመራው ብርድ ደረትሽን እንዴት አድርጎታል? ያ በክረምት የማይለቅሽ ሳል እዚያም ተከተለሽ ወይስ እዚሁ እኛ ዘንድ ቀረ? እህል ውኃውስ ተስማማሽ? የእናትሽ ወንድም፣ አጎትሽ ካሳሁንና ባለቤቱ ማሪቱ እንዴት ናቸው? ልጆቹ ያንቺን ስም እየጠሩ ያስቸግሩሻል ወይስ ለመዱሽ? እኔ አባትሽ፣ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር፣ ጠባቂዬ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የናፍቆትሽን ነገር አላነሳውም፤ ካነሳሁት ወረቀቱ ለሌላው ጉዳይ አይበቃኝም።

የልደት ምስክር ወረቀቴን ማኅተም ያለበት ትክክለኛ ግልባጭ በቶሎ ይላኩልኝ ብለሽ የጻፍሽው ደብዳቤ የደረሰኝ በሐምሌ መጀመሪያ ነው። የነርስ ትምህርት ቤቱ ከዘመን መለወጫ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላትን አይቀበልም፣ ወረቀቱም ካልደረሰ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል ብለሽኝ ነበር። ይኸው ነሐሴ ሊያልቅ ነው። አባቴ ረሳኝ ብለሽ ሳታዝኚብኝ አልቀረሽም። አልረሳሁሽም። ልጽፍልሽ ስነሣ እያፈርኩ፣ ብዕሩን እያስቀመጥኩ ነው የቆየሁት። አሁንም በፖስታው ውስጥ ያለውን ሌላውን ወረቀት ከመክፈትሽ በፊት ይህንን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ዋናው ወረቀትሽ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ከነጠላዋ ሥር በሣጥን ያስቀመጠችው ነው። ሣጥኑን ከሞተች ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ስከፍተው አይጥ ገብቶ ማኅተሙን ከነፊርማው በልቶታል። ቢሆንም አልደነገጥኩም። በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ ስላለ ከዚያ ይገለበጥልኛል ብዬ ከምሠራበት ወፍጮ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና መዝገቡን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበው። ፀሐይ ዳኜ፣ የእናት ስም ተረፈች ቦጂያ፣ የተወለደችው መስከረም 21 ቀን 1945 ዓመተ ምሕረት።

እኔም እዚያው በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት የሚሞላሽ ዘመን ከተለወጠ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆነ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብትመልሳትስ አልኩት። ይህን በአፌ ማለቴን ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። አባባ፣ ግልባጭ ማለት ያለውን መገልበጥ ነው፤ እዚህ ቤት ልጅ ይጻፋል እንጂ አይወለድም አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ የሳቅሁ መስዬ ወጣሁ። ስሕተት ካለበት በወረዳው ፍርድ ቤት በምስክር ይታረማል ያለኝን የሰማሁት በር ላይ ሆኜ ነው።

ከውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሰው አለ። ፊቴን አይቶ ጠራኝ። ነገሩን ስነግረው፣ ታዲያ ይህ ነው እንዲህ ያጠወለገህ አለኝ። ቀኑ ስሕተት ነው በል፤ በነሐሴ ነው የተወለደችው የሚሉ ሦስት ሰዎች አምጣ፤ በምጥ ጊዜ የነበረች አንዲት ሴት ካለችበትማ ዳኛው ሌላ አይጠይቅም አለኝ። እኔ በየሰንበቱ ቅዳሴ የምቆመው ሰው፣ እግዜር ይገሥጽህ ብዬው መሄድ ሲገባኝ፣ አመስግኜው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ማንን ልለምን እያልኩ ነበር የማስበው።

ያሰብኳት አዴ ገለቴን ነው። የእናትሽን ወዳጅ፣ በፉሪ ዳገት ያለችውን የኦቦ ኢቲቻን ባለቤት፣ አንቺ እንደ አክስት የምታያትን። ልጄ፣ ከእናትሽ ሙት ዓመት ወዲህ ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። ቂም አይደለም። ገለቴን ሳያት ተረፈች ከኋላዋ ብቅ የምትል ይመስለኛል፤ እሱን መቻል አቅቶኝ መንገድ እየቀየርኩ ኖርኩ። ስትታመም አልጠየቅኋት፣ የልጇን ሠርግ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። አሁን የሐሰት ምስክርነት ልለምናት ጭቃውን እያቦካሁ ዳገቱን ወጣሁ።

በሩ ላይ ስታየኝ፣ አካም ጂርታ፣ እንደምን አለህ አባ ፀሐይ፣ ማን ሞተ አለችኝ። ማንም አልሞተም ስላት፣ ያለ ለቅሶማ አትመጣም፣ ሴኒ፣ ግባ፣ ዝናቡ ላይ አትቁም አለችኝ። በእሳቱ ዳር አስቀምጣ እግሬን አስታጠበችኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ ወደ መሬት እያየሁ ነገርኳት። ፀሐይ በነሐሴ ተወለደች ብለሽ ብትመሰክሪልኝ፣ የልጅቱ ዕድል ነው አልኳት።

ገለቴ አልተቆጣችም። ወደ ጓሮ ተጣራች። ኢቲቻ፣ ና ስማ፣ ይህ ሰውዬ ልጁን በነሐሴ ሊወልዳት ነው አለች። ኦቦ ኢቲቻም ገብቶ፣ እንግዲህ በነሐሴ ከሆነ አራሷ ጠያቂ አታገኝም፣ ወንዙ አያሻግርም አለ። እንዲህ እየተሳሳቁብኝ ቆዩና እሷ ፊቷን መለስ አደረገች። ለምን ውሸት ትለምነኛለህ፣ ፀሐይ የተወለደችው የሰኔ ጾም በተፈታ ማግስት፣ እሁድ ቀን ነው አለችኝ። ለተረፈች ለጾም መፍቻ ብዬ ቅቤ ይዤላት ስሄድ በምጥ ላይ አገኘኋት፣ ልጅቱን የተቀበልኩት በእነዚህ እጆቼ ነው፣ ያ ቅቤም ለወጥ ሳይደርስ ለሕፃኗ አናት ሆነ አለችኝ።

እኔ ደግሞ፣ መዝገቡ የሚለው መስከረም ሃያ አንድ ነው አልኳት። እሱማ ክርስትና የተነሣችበት ነው አለች። የዚያን ጊዜ የተናገረችኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። አባ ፀሐይ፣ አንተ የምታስታውሰው የበላህበትን ቀን ነው፣ እሷ ያማጠችበትን አይደለም አለችኝ።

እውነቷን ነው። አንቺ በተወለድሽ ጊዜ እህል ላደርስ ቡራዩ ሄጄ፣ ወንዝ ሞልቶብኝ እዚያው አድሬ፣ ስመለስ ታቅፋሽ ነው ያገኘኋት። ሰማንያ ቀንሽ ሞልቶ ክርስትና የተነሣሽበት ዕለት ግን ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ነበር። በዓሉ የማርያም ሆኖ ቀኑ ረቡዕ በመዋሉ፣ የገዛሁት በግ እንደታሰረ ውሎ እንግዳው ሽምብራ አሳ በልቶ ሄደ። ዳኜ በጉንም አስጠመቀው እያሉ ዓመት ሙሉ ቀልደውብኛል። እንዴት እረሳዋለሁ? ትምህርት ቤት ልትገቢ ስትይ ወረቀቱን ላወጣ ሄጄ፣ መቼ ተወለደች ሲሉኝ፣ ከአፌ የወጣው ይኸው ቀን ነው። ልክ አለመሆኑን ያኔም ትንሽ ጠርጥሬ ነበር። ግን ቆዩኝ፣ ሚስቴን ጠይቄ ልምጣ ማለት በሰው ፊት አሳፈረኝ። ወረቀቱን ይዤ ስገባ እናትሽ ፊደል ስለማታውቅ ልክ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ማኅተሙን ስማ ከሣጥኑ አስቀመጠችው። በቤቱ ውስጥ ማንበብ የምችለው እኔ ነበርኩ፣ ቀኑን የምታውቀው እሷ ነበረች፤ እኔም አላነበብኩላትም።

ገለቴ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ለምን ይመስልሃል ተረፈች በየዓመቱ ጾም በተፈታ ማግስት የልጅቱን ፀጉር ቅቤ የምትቀባት አለችኝ። ትዝ ይልሻል አይደል፣ ልጄ? በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ከጉልበቷ መካከል ታስቀምጥሽና፣ አንቺ ዓይኔ ውስጥ ገባ ብለሽ ስትነጫነጪ ትቀባሽ ነበር። እኔ ጾሙ ስለተፈታ፣ ቅቤም ስለተገኘ ነው ብዬ በአጠገባችሁ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ቆሜ ምን ቀን ነው ብላት ኖሮ ትነግረኝ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የሚቀጥለው ሰኞ አዴ ገለቴ፣ ኦቦ ኢቲቻና ያጠመቁሽ መምሬ አሥራት አብረውኝ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዕድሜና ዳገት ሳይሉ፣ ውለታም ሳያነሡብኝ። ገለቴ በወንጌሉ ላይ እጇን ጭና ስትምል እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። መምሬ አሥራት ክርስትናሽን ያነሡት መስከረም ሃያ አንድ መሆኑን መስክረው፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነውና ጳጉሜን ሳትረሱ ወደ ኋላ ቁጠሩ አሉ። ዳኛው ቆጠሩ፤ ሐምሌ ስድስት ላይ ወደቀ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩና፣ አባትየውስ በዚያን ቀን የት ነበርክ አሉኝ። ቡራዩ ነበርኩ ጌታዬ አልኳቸው። ከዚያስ ወዲህ አሉኝ።

ውሳኔው ወጥቶ፣ መዝገቡ ታርሞ፣ ግልባጩ እስኪፈረም ይህን ያህል ጊዜ ሄደ። አሁን መክፈት ትችያለሽ። ሐምሌ 6 ቀን 1944 ዓመተ ምሕረት ይላል፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታረመ መሆኑም ከሥሩ ተጽፏል። ዕድሜሽ ሞልቷል። ደብዳቤሽ እኔ እጅ በደረሰበት ሰሞን ሞልቶ ነበር፤ እኔ ነበርኩ የማላውቀው። ነገ ጧት ፖስታ ቤት አስመዝግቤ በሪኮማንዴ በአውሮፕላን ስለምልከው ለጳጉሜን ይደርስሻል ብዬ አምናለሁ።

ሰው ቢሰማ ደስ ሊልህ ይገባ ነበር ይለኛል። ውሸት ልለምን ሄጄ እውነት ተሰጥቶኝ ተመለስኩ፤ እውነቱም የሚበጅሽ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ባይበጅሽ ኖሮስ? መስከረሙ እውነት ቢሆን ኖሮ ያቺን ምስኪን ሴት በወንጌል ላይ በሐሰት ላስምላት ነበርን? ማታ ማታ ጸሎቴን ስጨርስ ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። ለንስሐ አባቴ ነግሬአቸዋለሁ። ስግደቱን ሰጡኝና፣ የቀረውን ለልጅህ ንገራት አሉኝ። ስለዚህ ነገርኩሽ። ብትቆጪኝ ይገባኛል፤ ብቻ ዝም አትበይኝ።

ሌላው ወሬያችን ያው ነው። ክረምቱ ከብዷል፤ የጓሮው ጎመን ግን አምሯል። አሁን በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ ፉሪ እወጣለሁ። ገለቴ እየሰደበች ታበላኛለች።

አሥመራ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ነጂ ሱሩር በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚነሣ፣ አንድ ቆርቆሮ ቅቤ በእጁ ይደርስሻል። ከገለቴ ቤት ነው። ቀኑ እኮ አለፈ ብላት፣ ቀኑን አባቷ ካልቆጠረው ቅቤው ይቆጥረዋል ወይ ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ለአጎትሽ ለካሳሁን፣ እህትህን ሳላውቃት እንደኖርኩ ዘንድሮ ገባኝ ብሎሃል ብለሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ለትንንሾቹ ሁሉ በየስማቸው ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አዴ ገለቴና ኦቦ ኢቲቻ፣ መምሬ አሥራትም ከነቡራኬያቸው እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሻል። ለእመቤት ማሪቱ ደግሞ ከሰላምታዬ ጋር አንድ ልመና አለኝ። ቅቤው ሲደርስ በር ላይ በርጩማ አውጥታ እሷ ትቀባሽ። ለምን ዛሬ ብላ ከጠየቀች፣ የተወለድኩበት ቀን ነው፣ አባቴ አሁን ነው የሰማው በያት።

አባትሽ ዳኜ
ሰበታ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1962 ዓ.ም.