ኡማያ የምትባል እዚህ መንደር የለችም

ለምትናፍቀኝና በጣም ለተናደድኩብህ ወንድምዓለም፤

እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም መረብ ስትጎትት ያምሃል? ባሕሩ ሰላም ነው? አለቃችሁ አደብ ገዛ ወይስ እንደ ድሮው ይጮህባችኋል? ምግቡስ ተስማማህ? እኛ ሁላችንም አለን። እማዬ ደህና ናት፣ አባዬ ደህና ነው፣ አሳማዎቹም ደህና ናቸው። እኔ ግን ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ በዚህ ሰሞን እስከ አንገቴ ጠግቤያለሁ።

ስምህን ከላይ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ደብዳቤውን ስትጨርስ ይገባሃል። በስልክ ያልነገርኩህ ደግሞ ገና ድምፄን ከፍ ሳደርግ "መስመሩ ተቆራረጠ" ብለህ እንደምትዘጋው ስለማውቅ ነው። የቤታችን ግድግዳም ጣውላ ነው፤ እኔ ሳስነጥስ አክስት ኢሊንግ ከማዶ "ይማርሽ" ትላለች። ስለዚህ ተቀመጥና አንብብ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

ይህን ፖሊስነት ያስጀመርከኝ አንተ ነህ። በዚያ ዝናብ ጂፑ ተንሸራቶብህ የጎረቤት መንደሩን፣ የባሊንሳግን ሰው ገጭተህ፣ ሰውየውም ሞቶ፣ በሁለቱ መንደሮች መካከል የነበረው የሰላም ቃል ኪዳን ሲፈርስ፣ ዕቃህን እየሸከፍክ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? "ከእኛ ቤት አንድ ሰው እንኳ በዚያ መንገድ ላይ በቀን፣ ቀና ብሎ ይሂድ" ነበር ያልከኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከእኛ ከዱላዋን ወንዶች አንድም በባሊንሳግ በኩል ወደ ከተማ የወረደ የለም። ደም የሚፈለገው ከወንድ ስለሆነ እኔ ወረድኩ። ወረድኩና አራት ዓመት የወንጀል ጥናት ተማርኩ። የመንግሥቱን የሙያ ፈተና አንዴ ወደቅኩ፣ ደግሜ ተፈትኜ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የፖሊስ ምልመላማ ምኑን ልንገርህ! ለእኛ ለተራራ ልጆች የቁመቱን ልክ ዝቅ አድርገውልን እንኳ ለጥቂት ነው ያለፍኩት። የሚለካኝ ሰውዬ "ተረከዝሽን መሬት! ተረከዝሽን!" እያለ ሲያንባርቅብኝ አንገቴን እንደ ዝይ መዝዤ ቆምኩ። ሩጡ አሉን ሮጥን፣ ፑሽ አፕ ሥሩ አሉን ሠራን፤ ከጎኔ የነበረችው ልጅ አቧራው ላይ ተደፍታ ቀረች። ጥርሴን ቆጠሩ፣ ደሜን ቀዱ፤ ሽንት ስሰጥ እንኳ አንዲት ሴትዮ ቆማ አፍጥጣብኛለች፣ የሰው እንዳላመጣ። የአእምሮ ሐኪሙ ደግሞ "ማንም ሳይኖር ድምፅ ትሰሚያለሽ?" አለኝ። "የአክስቴን ማንኮራፋት ከማዶ እሰማለሁ" ልለው ነበር፤ ቀልድ እንደማይወዱ ስለተነገረኝ ዋጥኩት። ሁሉንም አለፍኩ፣ ወንድሜ። ሁሉንም!

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። መርማሪዎች መንደር ድረስ ይመጡና "ይቺ ልጅ ጠባይዋ እንዴት ነው? ትጠጣለች? ትሰርቃለች? ከሰው ትጣላለች?" እያሉ ጎረቤት ይጠይቃሉ። ክፉ ነገር ካልሰሙ አለቀ፣ ገባሁ ማለት ነው። እኔማ ይሄንን ከፈተና አልቆጠርኩትም። መንደሩ ሁሉ እኮ በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ ነው! ደግሞ የመንግሥቱን ፈተና ያለፍኩ ጊዜ ባነር አሠርተው መንደሩ መግቢያ ላይ በሁለት ቀርከሃ ሰቅለውልኝ ነበር። ፊቴ የበር መዝጊያ አክሎ፣ ከሥሩ "እንኳን ደስ አለሽ ኡማያ፣ የዱላዋን ኩራት" ይላል። እማዬ ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለው ነበር።

መርማሪዎቹ ሁለት ሆነው በሞተር ሳይክል መጡ። ዩኒፎርም አልለበሱም። አንዷ የቆላ ሴት ናት፤ ሁለተኛው ወጣት ሳጅን ነው፤ ገና አፉን ሲከፍት አነጋገሩ የባሊንሳግ መሆኑ ታወቀ። እኔ ላይኛው እርከን ላይ ሩዝ ስተክል ነበር፣ ምንም አልሰማሁም። ቀኑን አስቀድመው አይናገሩም፤ ሰው ሳይዘጋጅ ነው የሚፈልጉት። ቢነግሩኝማ እያንዳንዱን በር አንኳኩቼ አስጠነቅቅ ነበር።

የማይታወቅ ሰው ስም ጠርቶ ሲጠይቅ መንደራችን ምን እንደሚያደርግ ለአንተ አልነግርህም። አንተ የተረፍከው በእሱ ነው። የባሊንሳግ ሰዎች ስምህን እየጠሩ የመጡ ቀን ከሽማግሌ እስከ ሕፃን "እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም" ብሎ በጓሮ በኩል አሻግሮሃል። እንግዲህ አሁንም ያንኑ አደረጉ። ሴትየዋ አክስት ኢሊንግን "ኡማያ የምትባል ልጅ ያውቃሉ?" ትላታለች። አክስት ኢሊንግ ደግሞ እዚያው ባነሩ ሥር ቆማ፣ ፊቴ ከራሷ በላይ እየተወዛወዘ፣ "ኡማያ? እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ መንደር ተወልዶም አያውቅ!"

ሴትየዋ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ "ታዲያ ይቺ ማን ናት?" ብትላት፣ አክስትህ ምን ብትል ጥሩ ነው? "እኔ እንጃ ልጄ፣ ምርጫ ሲደርስ እንዲህ ይሰቅላሉ።"

ቆይ፣ አላለቀም። ቤታችን ሲደርሱ አባዬ እንጨት ይፈልጣል። ሴት ልጅ አለዎት ወይ አሉት፤ የለኝም አለ። በረንዳው ላይ የተሰጣው ሮዝ የሩጫ ጫማ የማን ነው አሉት፤ የእኔ ነው አለ። የእኔ ነው! አንተ የላክልኝን ጫማ! አውራ ጣቱ እንኳ የማይገባበትን! ሳጅኑ የአባዬን እግር ዐየ፣ ጫማውን ዐየ፣ ወደ ሞተሩ ሄደ።

ከእርከኑ ስወርድ ባነሩ የለም። የት ሄደ ብዬ ስዞር ፊቴ የአሳማው ቤት ጣሪያ ሆኗል። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ጥርሱን ገልጦ ይስቅልኛል። አክስት ኢሊንግ የሩዝ ቂጣ በቅጠል ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች፤ "ዛሬ አዳንንሽ ልጄ፣ አንድ ሰው አልተነፈሰም!" ነገሩን ስጠይቅና ሲገባኝ ደሜ ፈላ። ቂጣውን ለአሳማው ወረወርኩለት። እንዴት እንደጮህኩ አትጠይቀኝ። ፖሊስ እኮ ናቸው አልኳቸው፣ ሊቀጥሩኝ እኮ ነው የመጡት! አክስት ኢሊንግ ፊቷ ጠቁሮ፣ "ታዲያ ፖሊስ ከሆኑ ለምን ዩኒፎርም አይለብሱም?" አለች።

ከተማ ተጠርቼ ስሄድ አንዲት ሻለቃ ተቀበለችኝ። ከባድ ሴት ናት፤ መነጽሯን አውርዳ፣ "የሰጠሽን አድራሻ የውሸት ነው፣ ማንም አያውቅሽም፣ አባትሽ ያልሽው ሰው ልጅ የለኝም ብሏል። እኛ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ፖሊስ እናሠለጥናለን፤ ውሸታም ፖሊስ ግን አናሠለጥንም" አለችኝ። ለመንኳት። በመጨረሻ አባትሽና አንድ ሽማግሌ ሐሙስ እዚህ ድረስ መጥተው በአፋቸው ይናገሩ፣ ካልመጡ ስምሽ ይሰረዛል አለች።

አባዬ አልሄድም አለ። "በባሊንሳግ አልፌ? ልታስገድይኝ ነው?" አለኝ። እኔም ያለ የሌለ ቁጣዬን አወጣሁበት፦ "አንዱን ልጅህን ባሕር ወሰደው፤ ሁለተኛዋን ግን ራስህ በአፍህ ነው ያጠፋሃት" አልኩት። እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። አባዬ መጥረቢያውን አስቀምጦ ወጣ። ሲመለስ ቃል ኪዳኑን በእኛ በኩል የሚይዙትን ሽማግሌ ዳሉናግን አስከትሎ ነበር፤ እንሄዳለን አሉ።

ሐሙስ ሁለቱም በጎመን ጫኝ መኪና ላይ በሸራ ሥር ተኝተው ወረዱ። እኔ ላያቸው ላይ ጎመኑ ላይ ተቀምጫለሁ። መንገዱ ሲያነጥረን ሽማግሌ ዳሉናግ ከሥር ሆነው፣ "ፖሊስ ስትሆኚ መጀመሪያ ይሄንን ሹፌር እሰሪልኝ!" ይላሉ። ባሊንሳግን ስናልፍ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ካለፍን በኋላ ሽማግሌው አንድ ነገር ነገሩኝ። የባሊንሳግ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ለመቀመጥ ፈቃደኛ ከሆኑ ቆይተዋል፤ የካሣውን ጎሽም ሌላውንም መንደሩ ያዋጣል። እነሱ የሚጠይቁት ጥፋተኛው በገዛ አፉ፣ እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ ብሎ ቃሉን እንዲልክ ብቻ ነው። ይህንን ላንተ ደጋግመው ልከውልህ "ቆይ፣ ኮንትራቴ ይለቅ" ትላለህ አሉኝ። እውነት ነው? እኔ አላውቅም ነበር። ጎመኑን ቀጥቅጬ ልጨርሰው ምንም አልቀረኝም።

ከተማ ስንደርስ ሻለቃዋ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ቃል የሚጽፈው ያው የባሊንሳጉ ሳጅን ነው። ሽማግሌ ዳሉናግ ተነሥተው ለማያውቁት ሰው ስም የማንሰጠው ለምን እንደሆነ በደንብ አስረዱ፤ የማን ደም እንደሆነ ግን አላነሡም። ሻለቃዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ሳጅኑም እውነት ነው፣ በእኛም መንደር እንደዚያው ነው ብሎ መሰከረ። ጥሩ ልጅ ነው። ይሄም ያናድደኛል፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ አባዬን ይቺ ልጅዎ ናት ወይ አለችው። "ልጄ ናት" አለ አባዬ፤ "ኡማያ ናት፣ የእኔ ናት፣ ጫማውም የእሷ ነው።" ሻለቃዋ ሳቀች። እኔም ቁጣዬ ሁሉ ውልቅ ብሎ ወጣ፣ አባዬን ማቀፍ አማረኝ።

"ስንት ልጆች አሉዎት?" አለችው ቀጥላ።

አባዬ ሳጅኑን ዐየ። "አንድ" አለ።

የሳጅኑ እስክሪብቶ ቆመ። ሻለቃዋ ወደ እኔ ዞራ፣ ወንድምና እኅት አለሽ ወይ አለችኝ። ወንድሜ፣ እኔ ያን ሳምንት ሙሉ መንደሩን በውሸት ስሰድብ የከረምኩት፣ እኔ ለአክስቴ "ፖሊስ ማለት እውነት የሚናገር ሰው ነው" ብዬ የሰበክሁት፣ ሳጅኑን አየሁት፣ አባዬን አየሁት። አለኝ ብል ቀጥሎ ስሙ ማነው፣ የት ነው የሚለው ይመጣል። አባዬም በሸራ ሥር በዚያው መንገድ ነው የሚመለሰው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው የአክስት ኢሊንግ ቃል ነው። "ወንድም የለኝም። ተወልዶም አያውቅ።"

ሳጅኑ ዐይን ዐይኔን ዐየ። ከዚያ አቀርቅሮ ጻፈው።

አለፍኩ። ነገ ቃለ መሐላ ነው፤ ቀኝ እጄን አንሥቼ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው እላለሁ፣ ከዚያ ወደ ማሠልጠኛው እንገባለን። እማዬ አባዬ ያለውን ስትሰማ ድስቱን ከፊቱ አንሥታ ሄደች፤ "እኔ የወለድኩት ሁለት ነው፣ አንዱን ያጎደልከው አንተ ሂድና ራትህን ፈልግ" አለችው። ለእኔ ደግሞ ሞልታ አቀረበችልኝ። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

እና አሁን የምናደደው በማን እንደሆነ ጠፍቶኛል። በመንደሩ ተናደድኩ፣ በአባዬ ተናደድኩ፣ በራሴም ቆሽቴ አረረ። ተራው የአንተ ነው። ሞትክ ወይ ብለን ማዕበል በሰማን ቁጥር እንቅልፍ የምናጣልህ ሰው፣ ይቅርታ ለማለት አፍህን ምን ያዘው? ሳታስበው ነው የገጨኸው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ የባሊንሳግ ሰዎችም ያውቃሉ። እነሱም የሚያለቅሱለት ሰው አላቸው። ኮንትራትህ እስኪለቅ አባዬ ጎመን ሥር እየተኛ ይኑር? ሥልጠናው አንድ ዓመት ነው። መጨረሻው ላይ፣ ምርቃት ቀን፣ ቤተሰብ ስም በስም ይጠራል አሉ። ያን ቀን ያ ሳጅን እዚያው ቢኖርም ባይኖርም፣ ስምህን ጮክ ብዬ መጥራት እፈልጋለሁ። ቃልህን ለሽማግሌ ዳሉናግ ላክ። ሰምተኸኛል? ላክ!

አባዬ ሰላም ብሎሃል፤ "ጫማው ትንሽ ይጠባል በይው" አለ፣ የሚሳቅ ነገር ነው እንዴ! እማዬ ወገብህን እንድትጠነቀቅና እርጥብ ልብስ ለብሰህ እንዳትተኛ ትልሃለች። አክስት ኢሊንግ ሰላም ብላሃለች፤ አኩርፌያት ነበር፣ ዛሬ ታረቅን፤ ባነሩን ከአሳማው ቤት አውርዳ፣ አጥባ መልሳ ሰቅላዋለች፣ ትንሽ ይሸታል። ሽማግሌ ዳሉናግ ሰላም ብለውሃል፣ እንደሚጠብቁህም እንድታውቅ ብለዋል። ደብዳቤውን እስከ ወደብ የምታደርስልህ የአጎታችን ልጅ ሮዌና ናት፤ መልስህን ለእሷ ስጣት፣ ስምህንም አትጻፍበት።

አንድያ ልጅ ነኝ ያለችው እኅትህ
ኡማያ

ዱላዋን፣ እሑድ፣ ዝናቡ በገባበት ሳምንት፣ ጁን 8 ቀን