ቆጠራው ልክ ስለነበረው አውቶቡስ

ለተከበሩ የ«ሰባቱ ወሽመጥ» የሽርሽር አውቶቡስ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ለአቶ ትሬቮር ፒዩ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ፊኛዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የመጨረሻውን ለምን እንደጠየቅኩ ወደታች ይደርሱበታል።

ከቅሬታዬ በፊት የራሴን ጥፋት ላስቀድም። በጸሎት ቤታችን፣ ከወፍራም ድምፅ ዘማሪዎች ረድፍ፣ አርባ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። በዚያ ሁሉ እሑድ አፌን ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ እንጂ አንዲት ድምፅ አውጥቼ አላውቅም። ዌልስ ተወልዶ መዝሙር አልችልም ማለት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ለእርስዎ አልነግርም። የምታውቀው ባለቤቴ ኤሊኔድ ብቻ ነበረች። «ኢድዋል፣ መጋቢውን ሸውደሃል፤ ከላይ ያለውን ግን እንጃልህ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን እሷ ባደገችበት በፖርት ኤይሪን ጸሎት ቤት ድምፄን አውጥቼ እንድዘምርላት ቃል አስገባችኝ። ዛሬ ነገ ስል ቀደመችኝ፤ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት።

በራሪ ወረቀታችሁ ላይ የመንደሯን ስም ሳይ ወዲያው ተመዘገብኩ። ስለዚህም፦

አንደኛ፣ ከስሙ ጎን በደቃቅ ፊደል «ሳይቆም በግራ መስኮት የሚታይ» የሚለውን ሳላነብ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሰጣችሁኝ ወንበር በቀኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ የአውቶቡሳችሁ መጸዳጃ በዕድሜዬ ካየኋቸው ሁሉ ንጹሑ ነው። ከላንዲድኖ ከተማ ጀምሮ ተቆልፎ ስለነበር ከየት መጥቶ ይቆሽሻል? አስጎብኚያችን ዴሊዝ «በንጽሕና ተረክቤ በንጽሕና ነው የማስረክበው» ብትል፣ ከጎኔ የተቀመጡት ወይዘሮ ካይንወን «የኔ ልጅ፣ እኔም ወንበሩን በንጽሕና ነው የተረከብኩት፤ እንዲያው እንዳስረክብሽ ከፈለግሽ አስቁሚልኝ» አሏት። ሹፌሩ ፖርት ኤይሪን ካለው የሕዝብ መጸዳጃ አጠገብ ለዐሥር ደቂቃ አቆመ። ሠላሳ አንዱ ወደ መጸዳጃው ሲሮጡ እኔ ጸሎት ቤቱ ወዳለበት ዳገት ሮጥኩ። ለዴሊዝ አለመናገሬ የእኔ ኃጢአት ነው።

ሦስተኛ፣ የቆጠራ ሥርዓታችሁን አደንቃለሁ። የቆምንበት ቦታ ሐሙስ ሐሙስ የገበያው አውቶቡስ የሚቆምበት ነው። ጆሯቸው የከበደ አቶ ኤምሪስ የተባሉ የመንደሩ ሽማግሌ እንደልማዳቸው ዘንቢላቸውን ይዘው ገቡና ባዶ ወንበር ሲያገኙ ተቀመጡ። የእኔ ነበር። ዴሊዝ በመመሪያችሁ መሠረት ራስ ቆጠረች። ሠላሳ ሁለት። «ሙሉ ነን፣ ንዳው» አለች። ሦስት ቀን ከጎኔ የተቀመጡት ወይዘሮ ካይንወንም «ኢድዋል፣ ኮፍያ ገዛህ? አምሮብሃል» አሏቸው አሉ። አቶ ኤምሪስ «ፋርማሲው ጋ ወራጅ አለ!» ባሉ ቁጥር ሰው ሁሉ ቀልድ እየመሰለው እስከ አበራይሮን ሲስቅ ሄደ። የእኔ መጥፋት የታወቀው፣ እሳቸው እዚያ ለእኔ የተዘጋጀውን የበግ ጥብስ በልተው ሲያበቁ «አሁን ወደ ቤቴ መልሱኝ» ያሉ ጊዜ ነው።

አራተኛ፣ «ያለፈቃድ ከቡድኑ ተለይተዋል፤ አስጎብኚዋም ትቀጣለች» ብለው ስለጻፉልኝ ደብዳቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጅቷን ግን ይተዉልኝ። ራስ ቁጠሪ ተባለች፣ ራስ ቆጠረች፤ ፊት እይ ያላት የለም።

የተለየሁትም እንዲህ ነው። አውቶቡሱ ሲሄድ ከዳገቱ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። መጮኽ ነበረብኝ። አልጮኽኩም፤ እንደ ልጅ ሳቄ መጣ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ኔስታ የምትባል ሴት ወንበር ስትወለውል አገኘኋት።

«የማን ነህ አንተ?» አለችኝ።

«የኤሊኔድ ባል ነኝ፤ የአንጥረኛው ልጅ የኤሊኔድ። አውቶቡሴ ጥሎኝ ሄደ።»

«ያቺ በመዝሙሯ ጣሪያ የምታነቃንቀው? እንግዲያው አንተም የዋዛ አትሆንም። በል ዘምር፣ ሥራው ይቅለለኝ።»

እነኤሊኔድ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ጋ ቆሜ ዘመርኩ፤ ድምፄን አውጥቼ፣ አራቱንም አንቀጽ። በሁለተኛው ላይ ኔስታ ጨርቋን ባልዲው ውስጥ ጣለችና «አውቶቡሱ ለምን እንደሮጠ አሁን ገባኝ» አለች። በሦስተኛው ላይ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ፣ በቀጭን ድምፅ አጀበችኝ። አራተኛውን ለብቻዬ ጨረስኩት። ቃሌን የፈጸምኩት በእናንተ ስሕተት ነውና እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሦስት ቀን ወንበር ቁጥር ዐሥራ አራት፣ ከዚያም ወዲያ ኮፍያ ያማረባቸው አቶ ኤምሪስ ሆኜ በድርጅታችሁ የተስተናገድኩ፣ ትሑት ደንበኛዎ

ኢድዋል ፓሪ
የቀድሞ የወተት መኪና ሹፌር

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ በራሴ ጸሎት ቤት፣ በቆየሁበት ረድፍ ቆሜ፣ ድምፄን አውጥቼ ዘመርኩ። የመዘምራኑ መሪ ከአገልግሎት በኋላ እጄን ይዞ፣ እሑድ እሑድ የሚነሣ ጉዞ እንዳላችሁ ጠይቅልኝ ብሎኛል። ካላችሁ፣ አደራ፣ ቆጠራው እንደቀድሞው ይሁን።