የጃራ ጉንጭ

ወንጂ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋዲሴ ኮ፣ ውዷ እህቴ፣

እንደምን አለሽ? ጅዳ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ታናሽሽ ኦብሴ በሰማይና በምድር ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ፦ «ለበዓል ብቻ» ብለሽ የተውሽልኝን ሻምፖ በሁለት ሳምንት ጨርሼ፣ ጠርሙሱን ውሃ ሞልቼ ቦታው መልሻለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ አንቺም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በስልክ የማልነግርሽ ስልኩ እትዬ አሳየች እጅ ስለሆነ ነው። ድምፁን ከፍተው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ እኔ ገና «ጃራ...» ስል «ወፍሯል በያት!» ይሉኛል። የአባዬ ታላቅ እህት ባይሆኑ የምላቸውን አውቅ ነበር። ደብዳቤውን ነገ ወደ ጅዳ የምትበረው ጎረቤታችን ሱሃይላ ትሰጥሻለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ልጅሽ አልወፈረም። አብጦ ነው።

ሰኞ ዕለት የጤና ኤክስቴንሽኗ ሰርክአዲስ በየቤቱ እየዞረች የሕፃናትን እግር በአውራ ጣቷ ትጫን ነበር። እኛ በር ስትደርስ እትዬ «ተኝቷል» አሏት። ጃራ ጓዳ ሆኖ እየተነጫነጨ! «እኔ የጌታ ልጅ ነኝ፣ በሰው ዓይን አላምንም» አሉኝ በሩን እየዘጉ፣ «ግን ይሄን የመሰለ ልጅ ምን ብዬ ላሳያት?» ተከትያት ወጥቼ ለምን እንደምትጫን ጠየቅኳት። «ሰርጉዶ ከቀረ ውፍረት አይደለም፣ የምግብ እጥረት ነው። ቶሎ ጤና ጣቢያ ነው» አለችኝ።

ገብቼ የጃራን እግር ተጫንኩ። ጋዲሴ፣ ጣቴ ያረፈበት ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። አልሞላም።

ለእትዬ ሳሳያቸው «ሥጋው ሞልቶ ነዋ! አንቺ ከሲታዋ፣ ቅናትሽ ነው!» አሉኝ። አባዬ ከአገዳ ማሳው ሥራ ገብቶ እግሩን እየታጠበ «እሷ አራት ልጅ አሳድጋለች፤ አንቺ ስንት አሳደግሽ?» አለኝ። «ሁለት ድመት» አልኩት። አልሳቀም።

የሚበላውን ልንገርሽ። ጠዋት የበቆሎ ገንፎ በስኳር። ማታ የበቆሎ ገንፎ በስኳር። «የወንጂ ልጅ ስኳር አይነፈግም» ይላሉ በኩራት። እንቁላል የበላ ሕፃን ደግሞ አፉ ቶሎ አይፈታም አሉ፤ እኔ ምን ያህል ብከለከል ነው እንዲህ አፌ የማይዘጋው? እንቁላሉ ለእንግዳ ይጠበሳል። የላክሽው የዱቄት ወተት ሐሙስ ሐሙስ ለጸሎት ቡድኑ ሻይ ውስጥ ይገባል። ለጃራ የሚደርሰው ነጭ ውሃ ነው። በማቅጠን እኔም አልታማም፤ እኔ ግን ያቀጠንኩት ሻምፖ ነው!

ተናድጃለሁ። በእትዬም፣ በአባዬም። «ጉንጩን ሳሙልኝ» እያልሽ ስትስቂ በአንቺም። ከሁሉም በላይ ግን፣ ጋዲሴ፣ የምንልክልሽን ፎቶዎች ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጉንጩ እንዲጎላ ስልኩን ጠጋ አድርጌ። «አደገ፣ ጫማው ጠበበው» ብዬ የጻፍኩልሽም እኔ ነኝ። ጫማው እምቢ ያለው እግሩ አብጦ ነበር።

ይሄን የምጽፍልሽ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። እትዬ ገበያ ሲወጡ ከትምህርት ቤት ቀርቼ አዝዬው መጣሁ። ጭኔ ላይ ነው። አያለቅስም። ድሮ ጸጉሬን ነጭቶ ይጨርሰው ነበር፤ አሁን ጣቴን ብሰጠውም አይጨብጥም። ከፊታችን አንዲት እናት ብቻ ቀርታለች።

ሲስተሯ «እናቱ የት አለች?» ብትለኝ ምን ልበል? «እኔ ነኝ» የምል ይመስለኛል።

የምትሠሪበት ቤት ጉልበትሽን አይጨርሰው፣ እንቅልፍሽንም አይንፈግሽ። እግዜር ልጅሽን አቅፈሽ የምትስቂበትን ቀን ያሳይሽ።

እህትሽ ኦብሴ

ሳላጥፈው ጉድ መጣ። እትዬ አሳየች ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ግቢ ገብተዋል። የሲስተሯ በርም አሁን ተከፈተ፤ ተራችን ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። «ኦብሴ! አንቺ ኦብሴ! አምጪ ልጁን!»

ይጩሁ።